ቲቸር፣ ትሬይነር ወይስ ሌክቸረር?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ላሉ መምህራን የሥራ ልምድ በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ሁሉንም ቲቸር ማለት ይቻላል? የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ፣ የብየዳና የዩኒቨርሲቲ መምህራን አሉ።

መልስ፦ አይሆንም ወንድሜ። ቲቸር ለትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርቱን አስቀድምና «ማትስ ቲቸር» በል። ብየዳው ቴክኒክና ሙያ ስለሆነ ትሬይነር። የዩኒቨርሲቲው ሌክቸረር ግን ማዕረግ ነው፤ ከሹመት ደብዳቤው ላይ እንዳለ ገልብጥ። ረዳት ሌክቸረሩን ሌክቸረር ካልከው የሥራ ልምዱና የሹመት ደብዳቤው ይጋጩና ሰውየውን ያስጠይቁታል።

ሌላ መልስ፦ ከላይ የመለሰችው እህት ያለችው ልክ ነው። መኪና መንዳት የሚያስተምር ኢንስትራክተር፣ ቤት ለቤት የሚያስጠና ቲዩተር ይባላል። ከሁሉ የሚያሳስተው «አሰልጣኝ» ነው፦ የእግር ኳሱ ኮች ነው እንጂ ትሬይነር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አትሌቲክ ትሬይነር ማለት የተጫዋቾችን ጉዳት የሚከታተል የጤና ባለሙያ ነው።