ከ50 ዓመት በኋላ ያለችውን አገር ተማሪዎቼ እንዴት ያስቧት?

መምህርቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሳይንስ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። «አንድ አገር ምረጡ፣ ከፈለጋችሁም ፍጠሩ። ከ50 ዓመት በኋላ ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና የአየር ንብረት ምን ያደርጓታል?» አልኳቸው።

ወረቀቶቹን ሳርም በጣም አሰብኩ። ግማሾቹ የሚበር መኪና፣ ሁሉን የሚሠራ ሮቦት፣ በስልክ ብቻ የሚታከም በሽታ ጻፉ። የቀሩት ደግሞ ምድሩ ደርቆ፣ ባሕሩ ከተማውን ውጦ፣ ሰው ሁሉ ተሰዶ ታሪኩ ያልቃል። በመሃል የቆመ የለም ማለት ይቻላል። ከሁሉ ያሳሰበችኝ ግን አንዲት ጎበዝ ልጅ ናት። ሁለት መስመር ብቻ ጽፋ መለሰችልኝ፦ «ያኔ የሚሆነውን የሚወስኑት ሌሎች ናቸው። እኔ ባስበው ምን ይለወጣል?» እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ብዙ ቆየሁ። ማርክ መስጠትም አልቻልኩም።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። ልጆቹ ሕልምም ሟርትም ሳይሆን፣ እውነት ላይ ቆመው እንዲያስቡ ከየት ላስጀምራቸው? በሙያ ለነገሩ ቅርብ የሆናችሁ እባካችሁ አግዙኝ።

ዝናብ ለኪ፦
እህቴ፣ ጥያቄሽ ልብ ይነካል። እኔ ሜትሮሎጂ ጣቢያ ላይ ከ20 ዓመት በላይ ዝናብ ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከዚያው ልጀምርልሽ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። በየቀኑ ጠዋት በዚያው ሰዓት ትሄጃለሽ፣ መለኪያው ውስጥ ያደረውን ውሃ ቀጭኑ ብርጭቆ ውስጥ ትገለብጫለሽ፣ ጎንበስ ብለሽ ዓይንሽን ከውሃው ጋር እኩል ታደርጊያለሽ። ውሃው ዳርና ዳሩ ላይ ከፍ፣ መሃሉ ላይ ጎድጎድ ይላል። የሚነበበው ጎድጓዳው ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ያልዘነበ ቀንም 0 ተብሎ ይጻፋል። አዲስ የሚመጡ ልጆች ብዙ ጊዜ ይኼን ይዘሉታል፣ «አልዘነበማ» ብለው ባዶ ይተዉታል። ባዶና 0 ግን አንድ አይደሉም። 0 ማለት ሰው ሄዶ አይቶ ውሃ አጣ ማለት ነው። ባዶ ማለት ማንም አላየም ማለት ነው።

የአንድ ቦታ የአየር ንብረት እንዲህ ነው ለማለት በዓለም አቀፉ ልማድ የ30 ዓመት መዝገብ ይያዛል። ስለዚህ የነገዋን አገር ማሰብ የሚጀምረው ዛሬ በሚሞላው መዝገብ ነው። ቻርልስ ኪሊንግ የሚባል ሳይንቲስት በ1958 ሃዋይ፣ ማውና ሎአ ተራራ ላይ በአየር ውስጥ ያለውን፣ ምድርን የሚያሞቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለካት ሲጀምር ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል 315 ገደማ ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። ይህን ያወቅነው አንድ ሰው ሳይታክት ስለለካ ነው። በ1964 በጀት ተቆርጦ ልኬቱ ለጥቂት ወራት ቆሞ ነበር፣ ክፍተቱ ዛሬም መዝገቡ ላይ አለ። እኔ ያንን ክፍተት ባየሁ ቁጥር ይከፋኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት ይይዛል። ስለዚህ «ዝናቡ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?» ብቻ ብለሽ አትጠይቂያቸው። የዓመቱ ድምር ሳይለወጥ አመጣጡ ሊለወጥ ይችላል፤ ረጅም ደረቅ ጊዜ ይሆንና ከዚያ የወሩ ውሃ በሦስት ቀን ይወርዳል። ልጆቹን «ያ ውሃ ሲወርድ የት ታስቀምጡታላችሁ?» በያቸው። ግድብ፣ ኩሬ፣ ደን፣ የከተማ ቦይ፣ ሁሉም ከዚህች ጥያቄ ይመዘዛል።

ሽቦ፦
ዝናብ ለኪ ያሉት ልክ ነው። እኔ ከኤሌክትሪኩ በኩል ልምጣ።

ቴክኖሎጂ ሲባል ሰው የሚያስበው ዕቃውን ነው። ዕቃው ደግሞ በእርግጥ ተለውጧል። የሶላር ፓኔል ዋጋ ከ2010 እስከ 2020 ባለው ጊዜ 90 በመቶ ገደማ ወርዷል፣ ወጣት ሆኜ ሥራውን ስጀምር ይህን ቢነግሩኝ አላምንም ነበር። ግን አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። አንድ ገጠር ላይ የሶላር ውሃ ፓምፕ ተክለን ነበር። ጉድጓዱ ጥልቅ፣ ውሃው ጥሩ፣ ምርቃቱም ደማቅ ነበር። ከዓመት ምናምን በኋላ በዚያ ሳልፍ ፓኔሎቹ ላይ ልብስ ተሰጥቶ አገኘሁ። ፓምፑ ከቆመ ዘጠኝ ወር ሆኖታል። ሳጥኑን ከፈትኩት። የተቃጠለው ኮንትሮለሩ (የፓምፑ መቆጣጠሪያ) ነው፣ መዳፍ የማታክል ነገር። ፓኔሉ ደህና፣ ሞተሩ ደህና፣ ውሃውም እዚያው ከታች አለ። ሴቶቹ ጀሪካን ተሸክመው በአጠገቡ እያለፉ ወንዝ ይወርዳሉ። ለመለዋወጫ ማን እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚጠግን ማንም አልተነገረውም፣ ሥራውን የሰጠንም ሆነ እኛ የሠራነው አላሰብንበትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ልጆቹ ማንኛውንም ማሽን ሲጽፉ «ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ማን ይከፍላል?» ብለው ይጨምሩበት። ያኔ ሮቦቱም አገር ውስጥ ይገባል። ኬንያ በ2007 በስልክ ገንዘብ መላኪያው ኤም-ፔሳ ሲጀመር አብዛኛው ሰው የቤት ስልክም የባንክ ሒሳብም አልነበረውም፤ አገሪቱ ሁለቱንም ደረጃ ዘልላ ሄደች። የሠራው ግን ስልኩ ብቻ አልነበረም። በየመንደሩ ጥሬ ገንዘብ የሚቀበልና የሚሰጥ ወኪል ሱቁን ከፍቶ ስለተቀመጠ ነው።

ደግሞ ጊዜ ይፈጃል፣ ይኼን አትደብቂያቸው። ዴንማርክ በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ ኃይሏ ከሞላ ጎደል ከውጭ በሚገባ ዘይት ላይ የቆመ ነበር። ዛሬ ከኤሌክትሪኳ ግማሽ በላዩ ከነፋስ ነው። በመሃሉ አንድ ትውልድ ተወልዶ አድጓል።

እርሻ ወዳድ፦
እኔ ደግሞ ሟርተኞቹን ተማሪዎች ላግዛቸው። የባንግላዲሽን ታሪክ ንገሪያቸው።

በ1970 ቦላ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታ ከ300 ሺህ በላይ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። በ2020 አምፋን የተባለው በጣም ከባድ አውሎ ነፋስ ሲመጣ በባንግላዲሽ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ቀድሞ ከባሕሩ ዳር ተነሣ፣ በዚያች አገር የሞቱት በአስሮች የሚቆጠሩ ነበሩ። ባሕሩ አልራራም። የተለወጠው ሰው ነው። ሳተላይቱ ማዕበሉን ያያል፣ መልእክቱ ወደ መንደር ይወርዳል፣ ከዚያ በጎ ፈቃደኛው ድምፅ ማጉያውን ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል፣ ሰዉም አዘቦት ትምህርት ቤት የሆነ፣ በምሰሶ ላይ የቆመ ሕንፃ ውስጥ ይገባል። አሮጊቷ በሯን የምትከፍተው ለምታውቀው ልጅ ነው።

ሰብሉም አለ። ተራ ሩዝ ጎርፍ ሙሉ በሙሉ ከሸፈነው በጥቂት ቀን ይሞታል። ሳብ1 የሚባል ጂን ያለው ግን ሁለት ሳምንት ያህል ውሃ ውስጥ ይታገሣል፤ ለመርዘም አይጣደፍም፣ ጉልበቱን ቆጥቦ ውሃው ሲጎድል እንደገና ያቆጠቁጣል። ይህ ጠባይ የተገኘው ገበሬዎች ከድሮ ጀምሮ ካቆዩት የሕንድ ሩዝ ዘር ውስጥ ነው። ዘር የሚጠብቅ ሰው ባይኖር ሳይንቲስቱ ምን ይዞ ይሠራ ነበር?

ለሕልመኞቹ ደግሞ መካከለኛው እስያ ያለውን፣ ባሕር የሚባለውን የአራልን ሐይቅ አሳዪያቸው። በ1960 አካባቢ ከዓለም ሐይቆች በስፋት አራተኛ ነበር። ወንዞቹ ለጥጥ መስኖ ተጠለፉ፣ ሐይቁም ተጨረሰ ማለት ይቻላል፤ መርከቦች ደረቅ አሸዋ ላይ ቀሩ። ያንን ቦይ የቀየሱት አላዋቂዎች አልነበሩም። የተማሩ መሐንዲሶች ናቸው። እና ልጆቹ «ይሠራል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ታች ያለው ሰውስ?» ብለው ይጠይቁ።

ደሴት፦
ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ እኔ ግን አንድ ቅር ያለኝ ነገር አለ። የተወራው ሁሉ ስለ መላመድ ነው። ያቺ ልጅ የጻፈችውን ሁለት መስመር ማንም አልመለሰላትም።

ልጅቷ ግማሽ እውነት አላት። ቱቫሉን ውሰዱ። 11 ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት የደሴት አገር ናት፣ ከፍተኛው መሬቷ ከባሕር ወለል 5 ሜትር እንኳ አይሞላም። ምድርን አሙቆ ባሕሩን ከፍ የሚያደርገውን ጋዝ አየር ላይ የለቀቁት የቱቫሉ ሰዎች አይደሉም። በ2023 ከአውስትራሊያ ጋር በተፈራረሙት ስምምነት በየዓመቱ እስከ 280 ሰው ወደዚያ ሄዶ መኖር ይችላል። ጥሩ ነው፣ ግን አስቡት፣ አገርህ ስላልበደለችው በደል አገርህን ጥለህ ስትሄድ። ይህን ፓምፕም ዘርም አይፈታውም። መፍትሔው ሌላ ቦታ፣ ሌሎች ሰዎች እጅ ላይ ነው። ይህን ለልጆች አለመናገር ልክ አይመስለኝም።

ሌላው ግማሽስ? በ1974 ማርዮ ሞሊና እና ሸርዉድ ሮውላንድ የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች ያኔ ለፍሪጅና ለሚረጭ ቆርቆሮ ያገለግል የነበረው ጋዝ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለንን የኦዞን ንጣፍ እንደሚበላ ጽሑፍ አወጡ። አምራቾቹ አጥብቀው ተቃወሟቸው። በ1985 አንታርክቲካ ላይ ያለው ቀዳዳ ታወቀ፣ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፣ በኋላም የዓለም አገሮች ሁሉ ገቡበት። ንጣፉ አሁን ቀስ እያለ እየዳነ ነው። የወሰኑት መንግሥታት ናቸው፣ እውነት ነው። ግን እነዚያ ሁለት ሰዎች «እኛ ብናስበው ምን ይለወጣል» ብለው ቢተዉት ኖሮ የሚወሰን ነገር ጠረጴዛ ላይ አይመጣም ነበር። ለልጅቷ ይህን ብትነግሪያት ደስ ይለኛል። ማርክ አትስጫት፣ አነጋግሪያት።

መምህርቷ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ደሴት፣ ያልሽውን አደረግኩ። ከክፍል በኋላ ቁጭ ብለን አወራን። ስለ ቱቫሉ ስነግራት ተናደደች፣ ደስ አለኝ በመናደዷ። ስለ ኬሚስቶቹ ግን ዝም ብላ ሰማችና «እነሱ መሣሪያ ነበራቸው» አለችኝ።

ስለዚህ የቤት ሥራውን ለወጥኩት። መጀመሪያ ዝናብ መለኪያ እንሠራለን፣ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። የ2 ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጠን ገለበጥንበትና እንደ ውሃ ማስገቢያ አስቀመጥነው። ተራ አውጥተው በየጠዋቱ ያነባሉ፣ ያልዘነበ ቀን 0 ይጻፋል ብያለሁ። መዝገቡን እንድትይዝ የመረጥኳት እሷን ነው። ትናንት ግን አንድ ችግር ይዛ መጣች፣ እኔም አልመለስኩላትም። የጠርሙሱ ታች ጎርባጣ ስለሆነ ውሃው እኩል አይሞላም። 0 የሚጀምረው ከየት ነው?

ዝናብ ለኪ፦
ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቀችው። ታቹን በጠጠር ሙሉት፣ ነፋስም አይጥለውም። ከዚያ ጎኑ ቀጥ ማለት እስከሚጀምርበት ድረስ ውሃ ጨምሩና እዚያ ላይ አስምሩ። 0 እሱ ነው። ከመስመሩ በላይ በማስመሪያ በሚሊ ሜትር እየለኩ ምልክት ያድርጉ። ካነበቡ በኋላ ትርፉን ደፍተው ውሃውን መስመሩ ላይ ይመልሱት፣ በፀሐይ ተንኖ ከጎደለም ይሙሉት። ከዛፍና ከግድግዳ ይራቅ፣ ቢያንስ የዛፉን ቁመት እጥፍ ያህል። ቅዳሜና እሑድ የሚያነበውን ሰው ደግሞ ዛሬውኑ ወስኑ፣ መዝገብ የሚቀደደው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው።