ኮሃ ራሱ ተከፍሏል አሉን፤ እነዚህ ነፃ ሶፍትዌሮች ለምንድነው የሚሰነጠቁት?

ካታሎግ ቤት፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ከአብርሆት ብዙ በማይርቅ የግል ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ካታሎጋችን ኮሃ በሚባል ነፃ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ነው፣ እስካሁን አላስቸገረንም። ሰሞኑን የራሱን ሶፍትዌር የሚሸጥ ሰውዬ መጥቶ ለኃላፊያችን «ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) እኮ ባለቤት የለውም። ይጣላሉ፣ ይከፋፈላሉ፣ እናንተ ሜዳ ላይ ትቀራላችሁ። ኮሃ ራሱ ተከፍሏል» ብሎ አስደነገጠልን። ገብቼ ሳነብ እውነትም ተከፍሎ ያውቃል። የንባብ ክፍሉ ኮምፒውተሮችም ግማሹ ኦፕን ኦፊስ፣ ግማሹ ሊብሬ ኦፊስ የሚባል ነፃ የጽሑፍ ፕሮግራም ነው የተጫነባቸው፤ እነሱም ድሮ አንድ ነበሩ አሉ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ከሆነ የሚያጣላቸው ምንድነው? ኃላፊዬ ሐሙስ መልስ ይፈልጋል።

ጠጋኝ ዘፒያሳ፦
እህቴ፣ ሰውዬው አልዋሸም፤ ግን ታሪኩን መሀል ላይ ቆርጦታል።

ኮዱማ አያጣላም። ማንም ገልብጦ ይዞት መሄድ ይችላል፣ ፈቃዱ ራሱ ይላል። የሚያጣላው የማይገለበጠው ነው፤ ስሙ፣ ድረ ገጹ፣ የሰርቨሩ ይለፍ ቃል፣ «ይሄ ይግባ፣ ያ ይቅር» የማለት ሥልጣኑ። እድር ሲከፈል አይተሽ ከሆነ ታውቂዋለሽ። ደንቡን ሁሉም ፎቶ ኮፒ አድርጎ ይይዛል፤ ጠቡ ማህተሙና የባንክ ደብተሩ ማን እጅ ቀረ የሚለው ላይ ነው።

የኮሃን ልንገርሽ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ያዢልኝ)። ያሠራው ኒውዚላንድ ውስጥ ሆሮዌኑዋ የሚባል አካባቢ የቤተ መጻሕፍት ድርጅት ነው፤ በ2000 መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ። ኮዱን የጻፈላቸው ካቲፖ የሚባል እዚያው ያለ ድርጅት ነበር። በ2007 ሊብላይም የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የካቲፖን የኮሃ ሥራ ገዛ። በ2009 ደግሞ ለደንበኞቹ የራሱን ለየት ያለ ኮሃ ማቅረብ ጀመረ። ዋናው ድረ ገጽ በኩባንያው እጅ ስለነበር የቀሩት የኮሃ ሠሪዎችና ተጠቃሚዎች አዲስ ድረ ገጽ ከፈቱ። የጋራ ንብረታቸውን ማን ይያዝልን ሲባል የመረጡት ማንን ይመስልሻል? ያንኑ የመጀመሪያውን ቤተ መጻሕፍት! ሊብላይም በ2010 ራሱ ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ። በ2011 «ኮሃ» የሚለው ስም ኒውዚላንድ ውስጥ የኩባንያው የንግድ ምልክት ሊሆን ነው ተብሎ ጩኸት ተነሣ። ቤተ መጻሕፍቱ ተቃውሞ አስገባ፣ ነገሩ ተጎትቶ በ2013 ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። እናንተ ዛሬ የምትጠቀሙት ኮሃ የነዚያ ድረ ገጽ አጥተው የወጡት ሰዎች ኮሃ ነው። ሻጩ ይሄን ቢጨምርበት ምን ነበረበት?

የኦፊሱ ነገርም ከዚህ አይርቅም። ኦራክል የተባለው ኩባንያ በ2010 የኦፕን ኦፊስን ባለቤት ሳን ማይክሮሲስተምስን ሲገዛ የኦፕን ኦፊስ ስምም አብሮ ሄደ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ብዙዎቹ ሠሪዎች ወጥተው ሊብሬ ኦፊስን ጀመሩ። ስሙን ስጡን ብለው ነበር፣ አላገኙም። ኦራክል በ2011 ኦፕን ኦፊስን ለአፓቼ ፋውንዴሽን (ነፃ ሶፍትዌሮችን ለሚይዝ ድርጅት) ሲሰጥ ሰዉ ሄዷል። ልዩነቱን እዚያው የንባብ ክፍል ውስጥ ማየት ትችያለሽ። ኦፕን ኦፊስ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ተቀመጪና አንድ የዶክኤክስ (የማይክሮሶፍት ወርድ) ፋይል ክፈቺ፤ ይከፍትልሻል። ከዚያ ሳይቭ አዝ በይና ዝርዝሩ ውስጥ ዶክኤክስን ፈልጊ። የለም። ሊብሬ ኦፊስ ላይ አለ። ስድስት ኪሎ ማተሚያ ቤት በር ላይ ፍላሽ ይዞ ለሚሰለፍ ተመራቂ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። በዚያ ላይ በፈቃዶቹ ልዩነት ሊብሬ ኦፊስ ከአፓቼው ኮድ መውሰድ ሲችል አፓቼው ግን ከሊብሬ ኦፊስ መውሰድ አይችልም። ስለዚህ ሁሉንም ኮምፒውተር ወደ ሊብሬ ኦፊስ ብታዞሩት ይሻላል፤ ይሄን ሳትጠይቂኝ ነው።

ሎግ አንባቢ፦
ጋሽ ጠጋኝ፣ የስሙ ነገር ለድሮዎቹ ይሠራል። የአሁኖቹን የሚያጣላቸው ብር ነው። ሬዲስ የሚባለውን የሰርቨር ዳታቤዝ ይዩት፤ መጋቢት 2024 ላይ ፈቃዱን ቀየረና ክላውድ (በኢንተርኔት የሰርቨር አገልግሎት) የሚያከራዩትን በነፃ መጠቀም ከለከለ። ወሩ ሳያልቅ ከሬዲስ ኮድ የተገነጠለው ቫልኪ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ተከፈተ። «የማኅበረሰብ ፎርክ» (ግንጣይ) ተባለለት፤ ደጋፊዎቹን ስታዩ አማዞን፣ ጉግል፣ ኤሪክሰን... ኦራክል ራሱ አለበት! የምን ማኅበረሰብ? ሰርቨር ማዘጋጃው ቴራፎርምም በ2023 ፈቃዱን ሲቀይር ነው ከሱ የተገነጠለው ኦፕንቶፉ የመጣው። እኛ ስታዲየም አካባቢ ያለው ቢሮ ወደ ቫልኪ ስንዞር ኮንፊጉ (የቅንብር ፋይሉ) ላይ የነካነው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ግን የትልልቆቹ ፍልሚያ እንጂ የኛ ጉዳይ አይመስለኝም።

ጠጋኝ ዘፒያሳ፦
የኦራክሉን በደንብ አገኘሃት፣ አሳቅከኝ። ስለ ብሩም አልከራከርህም። ሆኖም ሬዲስ ፈቃዱን መቀየር የቻለው ለምን እንደሆነ እይ፤ የድሮው ፈቃድ ልል ነበር፣ ኮዱን ወስደህ በሌላ ፈቃድ ማውጣትን አይከለክልም። ሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ሲስተም እምብርት) ላይ ይህን ሞክረው። መብቱ በብዙ ሺህ ሰዎች እጅ ተበትኗል፣ ሁሉንም ሳታስፈርም አትነካውም። ኮሃም እንደሱ በጂፒኤል (ቀይሮ የሚያሰራጨው ሁሉ በዚያው ፈቃድ ክፍት አድርጎ እንዲለቀው በሚያስገድድ ፈቃድ) የተለቀቀ የብዙ ሰው ሥራ ነው። የካታሎግ ቤት ኃላፊ መስማት ያለባቸው እንግዲህ ይሄን ነው። በዚያ ላይ ሬዲስ ግንቦት 2025 ላይ ወደ ክፍት ፈቃድ ተመለሰ፣ የጂፒኤልን ዘመድ ኤጂፒኤልን ጨመረ። ቫልኪ ባይኖር ይመለስ ነበር? እኔ አይመስለኝም።

ቡና በጤና አዳም፦
ሁሉም ተለያይቶ አይቀርም። ኖድ ጄኤስ (ጃቫስክሪፕት ሰርቨር ላይ ማስኬጃው) ላይ በ2014 መጨረሻ አካባቢ ሥራው ተንቀራፈፈ ብለው አይኦ ጄኤስ ብለው የወጡት ልጆች በ2015 ታርቀው ተመልሰዋል። ጂሲሲም (ኮድን ኮምፒውተር ወደሚያስኬደው የሚለውጠው ኮምፓይለር) ላይ በ1997 ኢጂሲኤስ ብለው የተገነጠሉት በ1999 እነሱው ዋናው ጂሲሲ ሆነዋል።

ካታሎግ ቤት፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የኮሃውን ታሪክ ለኃላፊዬ አነበብኩላቸው፤ «እና እኛ ከየትኛው ወገን ነን?» ነበር ያሉኝ። አሁን ሻጩን ምን ብጠይቀው ይሻላል? ደግሞ ጋሽ ጠጋኝ የይለፍ ቃል ሲሉ ደንግጬ አጣራሁ፤ የካታሎጋችን ዶሜይን (የድረ ገጹ አድራሻ) የተመዘገበው ከሁለት ዓመት በፊት በለቀቀ ልጅ የግል ኢሜይል ነው።

ጠጋኝ ዘፒያሳ፦
እንግዲያው ሻጩን ተዪውና መጀመሪያ ልጁን ፈልጊው። ስልኩን የሰው ኃይል አያጣውም። ዶሜይኑን በኮሌጁ ስም፣ በኮሌጁ ኢሜይል ያዛውርላችሁ፤ የሚታደስበት ቀን መቼ እንደሆነም ጠይቂው፣ ካለፈ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። ሻጩን ደግሞ አንድ ነገር ብቻ፤ «ውላችን ቢቋረጥ የመጽሐፉን መዝገብ በሙሉ በማርክ (ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ በሚለዋወጡበት መደበኛ ቅርጽ) ፋይል፣ የተበዳሪዎቹን ዝርዝር በኤክሴል አውጥተህ በስንት ቀን ታስረክበናለህ?» በይው፤ መልሱንም በጽሑፍ። ኮሃ ላይ ይሄንን ኤክስፖርት ራስሽ ማውጣት ትችያለሽ። ከሐሙሱ ስብሰባ በፊት አውጪና ፍላሽ ላይ አድርገሽ ኃላፊሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪላቸው።