ሰኞ ሰኞ ትዕዛዝ ይደገማል፣ ይጠፋልም፤ ስክሪፕቱ ግን ኤረር አያሳይም

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ጅምላ

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። የዱቄትና የፓስታ ጅምላ ማከፋፈያ ነን፤ መጋዘናችን ኮምቦልቻ ነው። የባቲ፣ የከሚሴ፣ የሐይቅ፣ የመርሳና የወልድያ ወኪሎች በጎግል ፎርም ያዛሉ። ትዕዛዙ ጎግል ሺት ላይ ሲወርድ አፕስ ስክሪፕት (ሺቱ ላይ የጻፍነው ትንሽ ፕሮግራም) ይነሳና ከስቶክ ቀሪው ላይ ይቀንሳል። ከ50 ኩንታል በላይ ከሆነ ለሥራ አስኪያጁ የማጽደቂያ ኢሜይል፣ ካልሆነ ደግሞ በቀጥታ ለመጋዘን ኃላፊው የጭነት ኢሜይል ይልካል።

ከማክሰኞ እስከ እሑድ ደህና ነው። ሰኞ ግን የባቲ ገበያ ስለሆነ ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ትዕዛዙ ይደራረባል። ባለፈው ሰኞ 14 ትዕዛዝ ገባ። ሺቱ ላይ 14ቱም ረድፍ አለ። የሁለቱ የጭነት ኢሜይል ግን ሁለት ሁለት ጊዜ መጣ፣ የሌሎች ሁለቱ ጭራሽ አልመጣም። የስክሪፕቱ መዝገብ ሁሉንም «ተጠናቋል» ይላል። እኔ ፎርሙን ሞልቼ ስሞክረው አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ባለሠንጠረዥ

ሁለት ተደገመ፣ ሁለት ጠፋ። ቁጥሩ እኩል መሆኑን ልብ ይበሉ። ስክሪፕቱ 14 ጊዜ በትክክል ተነስቷል፤ ሁለት ጊዜ ግን የሰው ረድፍ አንብቧል። ስክሪፕቱን ይክፈቱና «ጌትላስትሮው» የሚል ትእዛዝ ይፈልጉ፤ እንደሚያገኙት እርግጠኛ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባቲው ትዕዛዝ ረድፍ 210 ላይ ወረደ እንበል። ስክሪፕቱ እስኪነሳ ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል። በዚህ መሀል የከሚሴው 211 ላይ ይወርዳል። የባቲው ስክሪፕት ተነስቶ «የመጨረሻው ረድፍ የትኛው ነው?» ሲል 211 ይባላል፤ የከሚሴውም ተነስቶ ሲጠይቅ 211 ይባላል። ለከሚሴ ሁለት ጊዜ ተጫነ፣ ባቲ ባዶ ቀረ። ብቻዎን ሲሞክሩ የመጨረሻው ረድፍ ሁልጊዜ የራስዎ ስለሆነ ስሕተቱ የሚታይበት መንገድ የለም።

ትሪገሩ (ፎርም ሲላክ ስክሪፕቱን የሚያስነሳው) ሲነሳ ለፈንክሽኑ (ሥራውን ለሚሠራው የኮድ ክፍል) የሚያቀብለው መረጃ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ «ኢ» ተብሎ ይጻፋል። የረድፉን ቁጥር ከእሱ ይውሰዱ፦ «ኢ.ሬንጅ.ጌትሮው()»። ይህ ስክሪፕቱን ያስነሳው ትዕዛዝ የወረደበትን ረድፍ ይሰጣል፣ ከኋላው ሌላ አሥር ቢወርድም። ከለወጡ በኋላ ከኤዲተሩ ላይ «ራን» ቢሉት ይወድቃል፤ ያኔ ፎርም ስላልተላከ «ኢ» ባዶ ነው። አይደንግጡ። ለሙከራ የረድፍ ቁጥር በእጅ የሚቀበል ትንሽ ፈንክሽን ይጻፉና ዋናውን ሥራ በእሱ በኩል ይጥሩት። የረድፉን ቁጥርና የወኪሉን ከተማ በ«ኮንሶል.ሎግ» እንዲጽፍም ያድርጉ፤ «ተጠናቋል» የሚለው ቃል ብቻውን ምን እንደተጠናቀቀ አይናገርም።

መልስ፦ የደሴ ሒሳብ ክፍል

ባለሠንጠረዥ ያለው ልክ ነው፤ ግን በዚያ ብቻ አትቁም ወንድሜ፣ ከሥሩ ሌላ ጉድጓድ አለ። ስክሪፕትህ ቀሪውን አንብቦ፣ ቀንሶ፣ መልሶ የሚጽፍ ከሆነ ሁለት ትዕዛዝ እኩል ሲነሳ ሁለቱም 300 ኩንታል ያነባሉ። አንዱ 20 ቀንሶ 280 ይጽፋል፣ ሌላው 35 ቀንሶ 265 ይጽፍበታል። እውነተኛው ቀሪ 245 ነበር። ኢሜይሉ ሁሉ በትክክል ሄዶ ቆጠራው ብቻ ስለሚዛባ ወር መጨረሻ ላይ ነው የምታየው።

ሁለት ነገር አድርግ። መጀመሪያ ቁልፍ፣ አንዱ ትዕዛዝ እስኪጨርስ ሌላውን የሚያስጠብቅ፦ «ሎክሰርቪስ» ውስጥ ያለውን የስክሪፕት ቁልፍ ያዝና «ትራይሎክ» ላይ 30000 ስጠው፤ በሚሊሰከንድ ነው፣ 30 ሰከንድ ማለት ነው። ቁልፉን ካላገኘ ዝም ብሎ እንዳያልፍ፣ ረድፉ ላይ «አልተሠራም» ብሎ ጽፎ ይውጣ። ቁልፉን ከመልቀቅህ በፊት «ስፕሬድሺትአፕ.ፍላሽ()» ጥራ፣ አለበለዚያ ጽሑፉ ሺቱ ላይ ሳያርፍ ቀጣዩ ሊገባ ይችላል።

ሁለተኛው ይበልጣል፦ ቀሪን በስክሪፕት አትጻፍ። «እንቅስቃሴ» የሚባል ሺት ክፈትና እያንዳንዱን ገቢና ወጪ በአዲስ ረድፍ ጨምር፤ ቀሪውን «ሰምኢፍስ» ይደምርልህ። የመጋዘን ቢን ካርድ እንደዚያው አይደል? የገባውና የወጣው በየመስመሩ ይጻፋል እንጂ የድሮው ቁጥር አይፋቅም። ያኔ ስሕተት ቢኖር እንኳ የትኛው መስመር እንደሆነ በጣትህ ታሳያለህ።

ኮምቦልቻ ጅምላ

ጀዛኩሙላህ ኸይር። «ጌትላስትሮው» እንዳላችሁት አለ፣ ያውም ሦስት ቦታ። ለውጫለሁ፣ እንቅስቃሴ ሺቱንም ሠርቻለሁ። ሰኞ እስኪመጣ ሳልጠብቅ፣ የመጋዘን ኃላፊውንም በሙከራ ኢሜይል ሳላሳስት እንዴት ልሞክረው?

መልስ፦ ወልድያ ላይ

አብሽር፣ ቀላል ነው። ሺቱን «ኮፒ» አድርጊው/አድርገው፤ ፎርሙም ስክሪፕቱም አብረው ይገለበጣሉ። ትሪገሩ ግን አይገለበጥም። ኮፒው ላይ «ፎርም ሲላክ» የሚለውን ትሪገር በእጅ ካልፈጠራችሁ ምንም አይነሳም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግማሽ ቀን ያቃጥላል።

የኢሜይል አድራሻዎቹ ኮዱ ውስጥ ከተጻፉ አውጧቸው። «ቅንብር» የሚል ሺት ላይ አስቀምጣችሁ ስክሪፕቱ ከዚያ ያንብብ፤ ኮፒው ላይ ሁሉንም በራሳችሁ አድራሻ ተኩ። ከዚያ አራት አምስት ሰው ስልክ ይያዝ፣ የኮፒውን ፎርም ሞልቶ ይጠብቅ፣ አንድ ሰው «ላኩ» ሲል ሁሉም እኩል ይጫን። ሦስት ዙር ድገሙት። የኩንታሉን ቁጥር ሁላችሁም ለያዩት፤ 11፣ 12፣ 13 እያላችሁ ሙሉ። ያኔ የተደገመውም የጠፋውም በቁጥሩ ይታወቃል። ሁሉም 10 ካዘዘ ግን ምኑን ከምኑ ትለያላችሁ?

የ50ውን ድንበርም አብራችሁ ሞክሩ፦ 49፣ 50፣ 51። 0 እና ባዶም ላኩ።

ኮምቦልቻ ጅምላ

በአምስት ስልክ ሦስት ዙር፣ 15 ትዕዛዝ ላክን። 15 የእንቅስቃሴ መስመር፣ 15 ኢሜይል፤ የተደገመ የለም፣ የጠፋ የለም። ሁለት ነገር ግን ቀረ። አንዱ 60 ኩንታል አዝዞ ማጽደቂያ ሳይጠየቅ አለፈ፣ ቀሪውም ላይ አልቀነሰም። ሌላው የሐይቅ ትዕዛዝ ነው፤ ስክሪፕቱ መኪናውን ከ«መስመር» ሺት ላይ በከተማው ስም ይፈልጋል፣ ሐይቅ እዚያ ተጽፎ እያለ ባዶ መለሰ።

መልስ፦ ባለሠንጠረዥ

የ60ውን ረድፍ ሄደው ይዩት፤ «60 ኩንታል» ተብሎ የተጻፈ ይመስለኛል። ያ ጽሑፍ ነው፣ ቁጥር አይደለም። ስክሪፕቱ «ከ50 ይበልጣል?» ሲለው መልሱ «አይ» ይሆናል፣ ኤረር ግን አይወጣም። ስለዚህ ትልቁ ትዕዛዝ በትንሹ በር አለፈ። «ሰምኢፍስ»ም ጽሑፍን ስለማይደምር ቀሪው ሳይነካ ቀረ። ፎርሙ ላይ የኩንታሉን ጥያቄ «ቁጥር፣ ከ0 በላይ» ብለው ይገድቡት። ስክሪፕቱ ውስጥም ቁጥር ያልሆነውን አስቀድሞ ያስቁም፤ ያልታወቀ ነገር ወደ መጋዘን ሳይሆን ወደ ሥራ አስኪያጁ ይሂድ።

የሐይቁ ደግሞ የፊደላችን ጉዳይ ነው። ወኪሉ የጻፈበትን ሴል «ዩኒኮድ» በሚለው ፎርሙላ ይጠይቁት፤ የመጀመሪያውን ፊደል ቁጥር ይነግርዎታል። ሐ 4624 ነው፣ ሀ 4608፣ ሃ 4611፣ ኀ 4736። ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒዩተሩ ግን ሐይቅ፣ ሀይቅና ሃይቅ ሦስት ከተማ ናቸው። ወልድያና ወልዲያም እንደዚያው። ፊደሉ ልክ ከሆነ የፊደሉን ብዛት የሚቆጥረውን «ሌን» ይሞክሩ፦ ሐይቅ 3 መሆን አለበት፤ 4 ካለ ከኋላው ባዶ ቦታ ተጨምሯል። ፊደል እየቀያየሩ ኮድ ውስጥ ከመታገል ከተማውን ከዝርዝር የሚመረጥ ያድርጉት፣ ማንም በእጁ እንዳይጽፍ።

መልስ፦ የደሴ ሒሳብ ክፍል

ሦስት ነገር ልጨምር። ነፃ የጂሜይል አካውንት ከሆነ ስክሪፕቱ በቀን ለ100 ተቀባይ ብቻ ነው የሚልከው፤ የሚቆጠረው ተቀባዩ ነው፣ አንድ ኢሜይል ለ3 ሰው ከሄደ 3 ነው። ሙከራውም ከዚሁ ይቀነሳልና የሰኞን ሥራ እሑድ ማታ በምትሞክረው እንዳታስበላ፣ ኮፒውን በሌላ አካውንት አድርገው። ገደቡ ሲያልቅ ስክሪፕቱ ኢሜይሉን የሚልከው የኮድ መስመር ላይ ይቆማል። ስለዚህ እንቅስቃሴውን መጻፍ ይቅደም፣ ኢሜይሉ ይከተል።

ትሪገሩ የሚሠራው በፈጠረው ሰው አካውንት ነው፤ አንተ ከአካውንትህ የሌላውን ትሪገር አታይም። ከዚህ በፊት ሌላ ሠራተኛ ፈጥሮ ከነበረና አንተም ከደገምህ፣ እያንዳንዱ ትዕዛዝ ሁለት ጊዜ ይነሳል። ያንተ ሰኞ ሰኞ ብቻ ስለሆነ ይህ አይመስለኝም፣ ቢሆንም ጠይቅ።

የጠዋት ማጠቃለያ በሰዓት ካስያዝህ፣ ለጠዋት 2 ሰዓት የምትመርጠው ከ8 እስከ 9 ኤኤም ነው። 2 ኤኤም ካልህ ሌሊት 8 ሰዓት ይልክልሃል። የፕሮጀክቱ የሰዓት ቀጠናም አዲስ አበባ መሆኑን እይ።

ኮምቦልቻ ጅምላ

በትክክል «60 ኩንታል» ነበር፤ ሐይቁም 4608 አለኝ። ያለፈው ሰኞ የጠፉትን ሁለቱንስ? በእጅ እንደገና ፎርም ልሙላ?

መልስ፦ ወልድያ ላይ

አይሆንም፣ በአዲስ ቀን ይገባና ሺቱ ላይ አራት ትዕዛዝ ይመስላል። ከትዕዛዙ ጎን «ሁኔታ» የሚል ኮለም ጨምር። ስክሪፕቱ እንቅስቃሴውን ሲጽፍ «ተቆረጠ»፣ ኢሜይሉ ሲሄድ «ተላከ» ይበል። መጀመሪያ የድሮዎቹን ረድፎች ሁሉ በእጅ «ተላከ» በላቸው፣ ሁለቱን ብቻ ባዶ ተው። ከዚያ ባለሠንጠረዥ ያለህን የረድፍ ቁጥር የሚቀበለውን ፈንክሽን ባዶ በሆኑት ላይ ብቻ አዙረው። የተደገሙትን ሁለቱን ግን ስክሪፕት አያቃናቸውም፤ ጭነቱ በእርግጥ ሁለት ጊዜ ወጥቶ እንደሆነ ከመጋዘን ኃላፊው ደረሰኝ ጋር አመሳክረህ፣ ካልወጣ እንቅስቃሴ ሺቱ ላይ የመመለሻ መስመር ጻፍ።