የአዶላ ወርቅ ከተማ ታሪክ የሚያውቅ አለ?

የፒያሳ ልጅ
ሰላም ቤተሰብ። ፒያሳ ወርቅ ቤት ነው የምሠራው። የድሮ ቀለበት ሊሸጡ የሚመጡ እናቶች "ይሄ የአዶላ ወርቅ ነው፣ የዛሬው እንዳይመስልህ" ይሉኛል። ድንጋዩ ላይ ፈትጌ አሲድ ጠብ ሳደርግበት ካራቱን አውቃለሁ። አገሩን ግን አሲድ አይናገርም። እውነት ከተማዋን የቆረቆራት ወርቅ ነው? አሁንስ ሰው አለ ወይስ ወርቁ ሲመናመን ተበተነ? እዚያ የኖራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ካዛንቺስ
አዶላና ክብረ መንግሥት አንድ ከተማ ናቸው። ጉጂ ውስጥ፣ ወደ ነገሌ ቦረና በሚወስደው መንገድ ላይ። ወርቅ ከሆነ የምትፈልገው ግን አሁን ወሬው ሁሉ እዚያው ጉጂ ያለችው ሻኪሶ ከተማ ነው።

ጡረተኛው ከአራት ኪሎ
ልጄ፣ በወጣትነቴ እዚያ አገር የአፈርና የድንጋይ ናሙና እየሰበሰብኩ ሠርቻለሁ። የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ ሁለቱን ወርቅ ለይ። አንዱ የወንዝ ወርቅ ነው። ጎርፍ ከተራራው ፈልቅቆ ያወርደዋል፣ ከባድ ስለሆነ ከጠጠሩ ሥር፣ አለቱ ላይ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተገኘው ይሄ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ መንግሥት ሥራውን ያዘው፤ ከተማዋም በዚያው አደገች። ሌላው አለት ውስጥ ያለው ነው። ለገደንቢ የሚባለው፣ ሻኪሶ አጠገብ። ይሄኛው አብዛኛው በዓይን አይታይም። ድንጋዩ ተፈልጦ፣ ተፈጭቶ፣ በሲያናይድ ነው የሚወጣው። ሥራው የተጀመረው በደርግ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ ሚድሮክ፣ የግል ኩባንያ፣ ዞረ።

ፊልም ላይ እንደምናየው ሰው ድንኳን ተክሎ የከበረባት ከተማ አድርገህ ግን አትሳላት። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1849 ማንም መጥቶ ቆፈረ። አዶላ ላይ ወርቁ የመንግሥት ነበር፣ ጉልበቱም የእስረኛ ጭምር። ከየጠቅላይ ግዛቱ እስረኛ እየተላከ እዚያ ይቆፍር ነበር። መሬቱ ደግሞ ባዶ አልነበረም፤ ጉጂ ከብቱን የሚያሰማራበት ነው። ስለ አዶላ ሲወራ ስንት ኪሎ ወጣ ነው የሚባለው። እነዚያን ሰዎች የሚያነሳ የለም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሻኪሶ ተወለድኩ
ጋሼ እንዳሉት ነው። ስለ አሁኑ እኔ ልጨምር። ከተማው የተበተነ አይደለም፤ ገበያ አለ፣ ቡና አለ። የጉጂ ቡና ዛሬ በዓለም ስሙ የሚጠራ ነው። በባህላዊ መንገድ የሚያወጡ ወጣቶችም ብዙ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው በገመድ አፈሩን ይስባል። ጠጠሩ ወንዝ ወርዶ በእንጨት ገበቴ ይታጠባል። ገበቴውን ያዝ አድርገህ ታሽከረክራለህ፤ ቀላሉ አሸዋ ከውሃው ጋር እየፈሰሰ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ጥቁር አሸዋ ይቀራል። ወርቁ ካለ ከዚያ ጥግ ላይ ነው፤ የጤፍ ፍሬ የሚያክል ቢጫ ነገር። እሱን ሲያዩ ሁሉም ጭጭ ይላሉ። ዝናብ ሲመጣ ጉድጓድ ይናዳል። እንዲህ የሞተ ልጅ አለ፤ አብረን ያደግን፣ ወንድሜ ነበር ማለት ይቻላል።

ስለ ለገደንቢም ሳንናገር አንለፍ። ሕዝቡ ስለ ውሃውና ስለ ጤናው አቤት ብሎ፣ ሰልፍ ወጥቶ፣ ግንቦት 2010 ላይ ሥራው ታግዶ ነበር። ኋላ ተከፍቷል። ያኔ የጮኹት እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ነው የጮኹት።

የፒያሳ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አንተም ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። አንድ ነገር ብቻ፦ የእናቶቹ ቀለበት የአዶላ መሆኑን በምን ልለይ?

ጡረተኛው ከአራት ኪሎ
በመፈተኛ ድንጋይህ አትለየውም። ከመሬት የሚወጣ ወርቅ ብር የተቀላቀለበት ነው፣ አንጥረኛው ደግሞ አቅልጦ ሌላ ይጨምርበታል። አንዴ ከቀለጠ ከየትም ይሁን አንድ ነው። እናቶቹን ራሳቸውን ጠይቃቸው፤ ማን ገዛላቸው፣ መቼ፣ የት። ንባብ ከፈለግህ ደግሞ ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ብቅ በል፤ የድሮ ጋዜጦች አሉ። መታወቂያህን ይዘህ ሂድ።