በጎ ፈቃደኞች ለኢንተርኔት የጋራ ሥራ ጊዜያቸውን የሚሰጡት ለምንድን ነው? መጠይቄን ከመበተኔ በፊት ምክራችሁን እሻለሁ

የታቦር ጎረቤት (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ሐዋሳ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የማዘጋጀው ጥናት፣ በአማርኛ ውክፔዲያና ማንም ሊያርመው በሚችለው የኢንተርኔት ካርታ በኦፕንስትሪትማፕ ላይ ያለ ክፍያ የሚሠሩ ሰዎችን ምን እንደሚያነሣሣቸው የሚመረምር ነው። መጠይቄን የመሠረትሁት የበጎ ፈቃድ አገልግሎትን ለማጥናት እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው መለኪያ ላይ ሲሆን፣ እርሱም ስድስት ምክንያቶችን ይዟል፦ እሴት፣ ዕውቀት መሻት፣ ማኅበራዊ ትስስር፣ የሙያ ዕድገት፣ ከጭንቀት መሸሽና ለራስ የሚሰጥ ግምትን ማሳደግ። በ10 ሰዎች ላይ ስሞክረው ግን ዘጠኙ «ዕውቀትን ለወገን ለማካፈል» የሚለውን ከሁሉ አስቀደሙ። አማካሪዬም «ይህ ምክንያታቸው ነው ወይስ ይሉኝታቸው?» ብለው መለሱልኝ። ሁለቱን እንዴት ልለያቸው?

ናሙና
አማካሪዎ ትክክለኛውን ቦታ ነክተዋል። ተመራማሪው ኦዴድ ኖቭ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጥናት እነዚሁኑ ስድስት ምክንያቶች ወስዶ ደስታንና ርዕዮተ ዓለምን (ማለትም መረጃ ለሁሉም ነጻ ይሁን የሚለውን እምነት) ጨመረባቸው፤ የ151 የእንግሊዝኛ ውክፔዲያ ተሳታፊዎችን መልስ ሲመረምርም ከፍተኛውን ነጥብ ያገኙት እነዚሁ የተጨመሩት ሁለቱ ሆኑ። ይሁን እንጂ ርዕዮተ ዓለምን ከፍ አድርገው የመለሱት ሰዎች ከሌሎቹ የበለጠ ሰዓት የሚሠሩ ሆነው አልተገኙም። ስለዚህ መልሱን ብቻውን አይመኑት፤ የእያንዳንዱ ገጽ የለውጥ ታሪክ ለማንም ክፍት ስለሆነ፣ ሰውየው የተናገረውን ከሠራው ጋር ማስተያየት ይችላሉ። ታሪኩ ክፍት ነው ማለት ግን ባለቤቱ ፈቅዷል ማለት ስላልሆነ፣ መልሱን ከአካውንቱ ጋር ከማገናኘትዎ በፊት ፈቃዱን ይጠይቁ።

ዓሣ በል
እኔ የጀመርሁት በንዴት ነው። የከተማችን ስም በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንዴ «አዋሳ»፣ አንዴ «ሀዋሳ»፣ አንዴ «ሐዋሳ» ተብሎ አገኘሁትና አንድ ላርመው ብዬ ገባሁ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አሁንም እያረምሁ ነበር። ወገን የሚባል ነገር በዚያች ሌሊት ትዝ አላለኝም፤ ቢጠይቁኝ ግን እኔም «ለወገን» እል ነበር። በስድስቱ ምክንያቶችዎ ውስጥ ደግሞ ለንዴት የሚሆን ቦታ አላየሁም።

ያቋረጡትንም ይጠይቁ። በአንድ የጋራ መዝገብ ላይ ስለ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሦስት ማታ የደከምሁበትን ጽሑፍ አንድ ሰው ያለ ምንም ማብራሪያ ሰረዘብኝና ሁለት ዓመት አልተመለስሁም። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ንቁ አራሚዎች ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ2007 በኋላ ሲቀንስ፣ አጥኚዎች ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ የአዲስ ገቢዎች ሥራ በቶሎ ውድቅ መደረጉ ነበር።

ባለ ማሳ
ብዙዎች ይህን ሥራ ደቦ ነው ይላሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። በደቦ የሚያጭድ ሰው ነገ ተራው ለእርሱ ማሳ እንደሚደርስ ያውቃል፣ የቀረውም ሰው በስሙ ይታወቃል፣ ጠላውም አለ። እዚህ ግን ማን እንደሚያነብብህ እንኳ አታውቅም፤ ቢሆንም አንባቢ አለ ብሎ ማሰብ ራሱ ጉልበት ይመስለኛል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2005 ውክፔዲያን በዘጋች ጊዜ፣ እገዳው ያልነካቸው በታይዋን፣ በሆንግ ኮንግና በሲንጋፖር ያሉ ጸሐፊዎች በቻይንኛው ላይ የሚሠሩት ሥራ በአማካይ ከ40 በመቶ በላይ ቀንሷል። እነርሱን የከለከላቸው አልነበረም፤ የጠፋው አንባቢያቸው ነው። ስለዚህ «የምትጽፈውን ማን ያነብበዋል ብለህ ታስባለህ?» የሚል ጥያቄ ቢጨምሩ መልካም ነው።

የታቦር ጎረቤት (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ለምን ትሳተፋለህ?» የሚለውን ወደ መጨረሻው ገጽ አውርጄ፣ በመጀመሪያ «መጀመሪያ ያረምኸው ነገር ምን ነበር? በስንት ሰዓት?» ብዬ እጀምራለሁ። የአንባቢውንም ጥያቄ ጨምሬዋለሁ። የቀረኝ ያቋረጡትን ማግኘት ነው፤ ዓሣ በል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ምን እንደ መለሰዎ ቢነግሩኝ ቃለ መጠይቄን በእርስዎ እጀምር ነበር።

ዓሣ በል
አሁንም «አዋሳ» የሚል ሌላ ጽሑፍ አገኘሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ይመቸኛል።