ራግቢ የምትከታተሉ ሐበሾች አላችሁ? እስኪ አስረዱኝ

የስፓዛው ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ሊያስቃችሁ ይችላል፣ ሳቁና ግን መልሱልኝ። ደቡብ አፍሪካ ከገባሁ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ጆበርግ ዳር ሎኬሽን (የጥቁሮች ሰፈር) ውስጥ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። እግር ኳስ ከሆነ ማንም አያስተምረኝም። ራግቢ ላይ ግን ባዶ ነኝ። ሰው ሰውን ይጥላል፣ ይከመራሉ፣ ዳኛው ይነፋል፣ እንደገና ይከመራሉ። እኔ የማየው ይኼን ብቻ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ደንበኞቼ ትልቅ ጨዋታ ባለ ሳምንት አርብ አርብ አረንጓዴውን ማልያ ለብሰው ነው የሚመጡት። አስተማሪዋ፣ የታክሲ ሹፌሩ፣ ፖሊሱ ሳይቀር። ዳቦ እየገዙ «ነገ ስንት ለስንት?» ይሉኛል። አንዴ ለአንዱ በሙሉ ልብ «ሦስት ለዜሮ» ብዬው ጓደኞቹን ጠርቶ አስደገመኝ። እስከ ዛሬ «ሚስተር ሦስት ለዜሮ» ነው የሚለኝ።

የ2023ቱን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ግን አልረሳውም (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሲጀመር ሱቁን ልዘጋ ነበር። አንድ የጎረቤት ልጅ ዳታ ገዛኝና ስልኩን የሱቁ መስኮት የብረት ፍርግርግ ላይ በላስቲክ አስሮ ሰቀለው። ከውጭ አሥራ ምናምን ሰው፣ ከውስጥ እኔ ብቻዬን። የስልኩ ፊት ወደ እነሱ ስለሆነ ለእኔ የደረሰኝ ጀርባው ነው፣ ስለዚህ ጨዋታውን የተከታተልኩት በእነሱ ፊት ላይ ነው ማለት ይቻላል። መጨረሻው አካባቢ ማንም አይተነፍስም። ከዚያ ሰፈሩ ፈነዳ። በዱቤ የምትወስድ አንዲት ጎጎ (አሮጊት እናት) አለች፣ እጇን በፍርግርጉ አሾልካ እጄን ያዘችና አለቀሰች። ደቡብ አፍሪካ ኒውዚላንድን ያሸነፈችው 12 ለ 11 መሆኑን ያወቅሁት በማግስቱ ነው።

እና ጥያቄዬ፣ ነጥቡ እንዴት ነው የሚቆጠረው? የቱን ውድድር ልከታተል? ሌላ ከበድ ያለችም አለችኝ። እዚህ አገር «መጤ» እየተባልን ለዚህ ቡድን መጨፈራችን ልክ ነው ወይስ ራስን ማታለል ነው?

ጄፒ የከረመ፦

ሚስተር ሦስት ለዜሮ፣ እንኳን ጠየቅህ! ደግሞ 3 ለ 0 በራግቢ ሕግ የማይቻል ውጤት አይደለም፣ በሕይወቴ ግን አይቼው አላውቅም።

ነገሩ ቀላል ነው። ኳሷን ይዘህ ከተጋጣሚው የመጨረሻ መስመር አልፈህ መሬት ካስነካሃት ትራይ ይባላል፣ 5 ነጥብ። ከዚያ በእግር መትተህ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ከአግዳሚው በላይ ካሳለፍካት 2 ይጨመርልሃል። ተጋጣሚ ሲያጠፋ የምትመታው ቅጣት ምት 3 ነው። በጨዋታ መሃል ኳሷን መሬት አንጥረህ በቋሚዎቹ መሃል ካሳለፍካትም 3። በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነው። ይችን አንዷን ከያዝክ ግማሹ ገብቶሃል፣ ምክንያቱም ኳሷ ወደ ኋላ እየተቀባበለች ቡድኑ ወደ ፊት መሄድ አለበት። የሚደባደቡ የሚመስሉህ እኮ መሬት እየተቀማሙ ነው፣ አንድ ሜትር ለአንድ ሜትር።

አሁን ወደዚያች ማታ ልመልስህ። 73ኛው ደቂቃ ላይ የእኛው ቼስሊን ኮልቤ ኳስ በእጁ ሆን ብሎ አጨናገፈ ተብሎ ቢጫ ካርድ አየ። ራግቢ ላይ ቢጫ ማለት 10 ደቂቃ ውጭ ነህ፣ ስለዚህ ለእሱ ጨዋታው አለቀ። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ማልያውን ፊቱ ላይ ጎትቶ ተሸፈነ፣ ማየት አልቻለም። ያንኑ ቅጣት የኒውዚላንዱ ጆርዲ ባሬት ከሩቅ መታ፣ ወደ ጎን ወጣች። ብትገባ ኖሮ 14 ለ 12 ይሆን ነበር። ሰፈርህ ትንፋሽ ያጠረው በዚህ ነው። ኒውዚላንዶች አምበላቸው ሳም ኬን በቀይ ወጥቶባቸው በ14 ሰው ነበሩ፣ የዚያን ማታ ብቸኛዋን ትራይ ያገባው ግን የእነሱው ቦደን ባሬት ነው። የእኛ 12 ነጥብ በሙሉ ከሃንድሬ ፖላርድ እግር የወጣ፣ አራት ቅጣት ምት።

የሚገርምህ ደግሞ ሩብ ፍጻሜው ፈረንሳይን 29 ለ 28፣ ግማሽ ፍጻሜው እንግሊዝን 16 ለ 15፣ ፍጻሜው 12 ለ 11። ሦስት ሳምንት ተከታትሎ በአንድ ነጥብ! የደም ግፊቴን ያወቅሁት በዚያ ሰሞን ነው። ቡድኑ አራት ጊዜ ዋንጫ በልቷል፣ ከአራቱ ፍጻሜዎች በሦስቱ አንድም ትራይ አላገባም። የ2019ኙ ብቻ ነው የተለየው፣ እንግሊዝን 32 ለ 12 ሲያሸንፉ ማፒምፒ እና ኮልቤ አገቡ። ስለዚህ «ቆንጆ ጨዋታ» አትጠብቅ። አንቆ መያዝ ነው የእነሱ ሙያ።

የቱን ልከታተል ላልከው፣ ከአርጀንቲና፣ ከአውስትራሊያ እና ከኒውዚላንድ ጋር በሚያደርጉት የአራት አገሮች ሻምፒዮና ጀምር። እና አንድ ቀን ስታዲየም ግባ በናትህ። ኤሊስ ፓርክ ከጄፒ፣ ከእኛ ሐበሾች የጆበርግ ሰፈር፣ በእግር ይደረሳል። 2025 ነሐሴ ላይ ከአውስትራሊያ ጋር ገብቼ 22 ለ 0 ስንመራ ለቤት ደውዬ «ጨርሰናል» አልኩ። 38 ለ 22 ተሸነፍን። ወጥቼ ስሄድ መኪና ማቆሚያው ላይ ብራይ የሚጠብሱ ሰዎች ቢጫ ማልያ የለበሱትን አውስትራሊያዎች ጠርተው ሥጋ እየቆረጡ ይሰጧቸዋል። እኛ ስታዲየም ቢሆን… ተወው።

መራራ እውነት፦

ሁላችሁም ስለ ነጥብ ታወራላችሁ፣ ልጁ የጠየቀው ትልቁ ጥያቄ ተረሳ። እኔ ልመልስልህ ወንድሜ። ቅዳሜ «ወንድሜ» ይሉሃል፣ ሰኞ «መጤ»። 2019 ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ጆበርግ ውስጥ የውጭ ዜጋ ሱቅ ሲዘረፍና ሲቃጠል ነበር። የእኔም ሄዳለች። ፍሪጁን በጋሪ ሲገፉት ከጎረቤት ጣሪያ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ሁለት ወር ሳይቆይ ኖቬምበር 2 ዋንጫውን በሉና «አንድ ሕዝብ ነን» ተባለ። ማነው አንዱ? አሁን ኬፕታውን ነኝ፣ ጨዋታ ሲኖር ሱቄን ቀደም ብዬ እዘጋለሁ። ማልያ አልገዛም። የገዛ ሰው አልቃወምም፣ ግን ፍርግርጉ በምክንያት ነው ያለው፣ እሱን አትርሳ።

የደብሊኗ፦

መራራ እውነት፣ ያየኸውን ያላየ ሰው ሊመክርህ አይችልም፣ ስለዚህ ዝም ብዬ አልፋለሁ።

ለጠያቂው ግን የእኔን ልንገርህ። እዚህ አየርላንድ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምሠራው። ፌብሩዋሪ እና ማርች ሲሆን የስድስቱ አገሮች ውድድር አለ፣ አየርላንድ፣ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስ፣ ፈረንሳይ እና ጣሊያን። ቅዳሜ ፈረቃ የምገባ ከሆነ ሥራዬ በጨዋታው ሰዓት ነው የሚለካው። አንድ የ88 ዓመት አባት አሉ፣ ስማቸውን ልተወውና፣ መድኃኒት የሚውጡት በእረፍት ሰዓት ብቻ ነው። ሕጉን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስክረም (ሁለቱ ቡድን ተቃቅፎ ሲገፋፋ) ሲሆን የእኔን እና የራሳቸውን እጅ አጋጭተው እየገፉ ያሳዩኛል፣ ስምንት ለስምንት ነው እያሉ።

እሳቸው ናቸው አንድ ቀን ቲኬት ሰጥተው የላኩኝ። ሁለት ነገር አስደነገጠኝ። አንደኛ፣ የሁለቱ ቡድን ደጋፊ ተደባልቆ ነው የሚቀመጠው፣ መሃላቸው ፖሊስ የለም። ሁለተኛ፣ ቅጣት ምት ሲመታ ሃምሳ ሺህ ሰው ጭጭ ይላል፣ ተጋጣሚው ሲመታም ጭምር። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ መቺውን ካልሰደብን ስንገባ ለምን ከፈልን ብዬ የማስብ ሰው ነበርኩ። አንድ ሕፃን ሲያስነጥስ ተሰማ ብላችሁ ታምናላችሁ?

ሌላው፣ አየርላንድ ለሁለት የተከፈለች ደሴት ናት፣ ሰሜኑ በብሪታንያ ሥር ነው፣ የራግቢ ቡድኑ ግን አንድ ነው። ስንት ደም የፈሰሰበት ጉዳይ እኮ ነው። ስለዚህ ለማን ልጨፍር የሚለው ጥያቄ ለእነሱም ቀላል አይደለም። እኔ አረንጓዴውን እለብሳለሁ፣ እሳቸው ስለሚደሰቱ ብቻ ቢሆንም ይበቃኛል። ደግሞ የቡድን ነገር ካነሳን፣ 2023 ላይ ስፕሪንግቦክን (የደቡብ አፍሪካን ቡድን) በምድብ ጨዋታ 13 ለ 8 ያሸነፍነው እኛ ነን። እና ምን ዋጋ አለው፣ በሩብ ፍጻሜ ኒውዚላንድ 28 ለ 24 አሰናበተን፣ ከሩብ ፍጻሜ አልፈን አናውቅም። እሳቸው «እኔ ሳልሞት» ይላሉ በየጊዜው።

ካታንጋ፦

ከአዲስ አበባ ነኝ። እዚህ ራግቢ ልይ ብሎ ሰፈር ግሮሰሪ የሚገባ ሰው ምን እንደሚደርስበት ልንገራችሁ። አሳላፊውን ለምኜ ቻናል ቀየረልኝ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከኋላ አንዱ «ዜና ነው ወይስ ጦርነት?» አለ፣ ወዲያው ወደ ፕሪሚየር ሊግ ተመለሰ። አሁን ቤቴ በዲኤስቲቪ ነው የማየው። የ2023ቱ ፍጻሜ ለእኛ ማታ 4 ሰዓት ነበር፣ ድምፁን ቀንሼ፣ ልጆች ተኝተው፣ ትራስ እየነከስኩ።

ለመሆኑ እኛ ይኼን ጨዋታ እንዴት አልወደድነውም? የገና ጨዋታ ያደገበት አገር! በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ተብሎ ባላባቱ በሩር ሲመታ ዝም ይል አልነበር? ራግቢ ላይም ያው ነው። ያ መቶ ሃያ ኪሎ ሰውዬ ዳኛውን «ሰር» ነው የሚለው። ዳኛው ማይክ ስላለው የሚሉትን ሁሉ እንሰማለን። አቤቱታ ካለ አምበሉ ብቻ ነው ሄዶ የሚያናግረው። እኛ ጋ ዳኛ ሲከበብ ያየ ሰው ይገባዋል።

2027ን ማስታወሻችሁ ላይ ያዙ። አውስትራሊያ ነው፣ ኦክቶበር 1 ፐርዝ ይከፈታል፣ ፍጻሜው ኖቬምበር 13 ሲድኒ። ለመጀመሪያ ጊዜ 24 ቡድን ነው። በዚያ ወቅት ሲድኒ ከአዲስ አበባ 8 ሰዓት ስለምትቀድም የእነሱ ማታ የእኛ እኩለ ቀን ነው። ትራስ መንከስ ቀረ።

ጄፒ የከረመ፦

መራራ እውነት ያልከው አይካድም። እኔም መዝጊያውን ጥዬ የሮጥኩባቸው ቀናት አሉ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ይኼን ማልያ እነሱም በአንድ ቀን አልወደዱትም። በአፓርታይድ ጊዜ ብዙው ጥቁር ሕዝብ ስፕሪንግቦክ ሲጫወት ተጋጣሚውን ነበር የሚደግፈው። በ1987 እና በ1991 ዓለም ዋንጫ ቡድኑ ጭራሽ አልተገኘም፣ ታግዶ ነበር። በ1995ቱ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ማንዴላ፣ ኮልፌ የሠለጠነው የእኛው ማንዴላ፣ ያንኑ የተጠላ ማልያ 6 ቁጥሩን ለብሶ ኤሊስ ፓርክ ገባ። ያኔ ከተሰለፉት 15 ነጭ ያልሆነው ቼስተር ዊሊያምስ ብቻ ነበር። ከ24 ዓመት በኋላ ዋንጫውን ያነሳው አምበል ሲያ ኮሊሲ ነው፣ ዝዊዴ የሚባል ሎኬሽን ልጅ። እነሱ ይኼን ያህል ከፈጀባቸው እኛ በስድስት ዓመት ብናመነታ ምን ይገርማል? ማልያ አትግዛ፣ ጨዋታውን ግን እይ።

የስፓዛው ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መራራ እውነት፣ ስለ ፍሪጁ ያልከው ሆዴ ገብቷል፣ ፍርግርጉንም አልረሳም። ጎጎዋንም መርሳት አልቻልኩም ግን፣ ምን ላድርግ።

ባለፈው ቅዳሜ ሞከርኩት። ስልኩን አሁን እኔ ነኝ የሰቀልኩት፣ በጎን አድርጌ፣ ከውስጥም ከውጭም እንዲታይ። ሱቁ ውስጥ የሚያግዘኝ ልጅ ዚምባብዌያዊ ነው። ለካ እነሱም ለ2027 አልፈዋል፣ ካምፓላ ላይ ናሚቢያን 30 ለ 28 አሸንፈው፣ ከ1991 በኋላ የመጀመሪያቸው ነው። ስድስት ወር አብረን ስንሠራ አንድም ቀን አልነገረኝም፣ ራግቢ ስጠይቀው ግን ግማሽ ሰዓት አወራ፣ ደንበኛ ቆሞ። ትራይ ገብቶኛል፣ ወደ ኋላ ማቀበሉ ገብቶኛል። ጎጎዋ መጥታ «ስንት ለስንት?» አለችኝ፣ «27 ለ 20» አልኳት። ፊቷን አኮሳትራ ትንሽ አሰበችና «አሁን ተማርክ» ብላ ስኳር በዱቤ ወሰደች።

ስክረሙ ግን አልገባኝም። ዳኛው ማንን ለምን እንደሚቀጣ ምንም አላየሁም።

ካታንጋ፦

እሱ ለማንም አልገባውም። የገባው መስለህ ራስህን ነቅንቅ፣ እኛም እንደዚያ ነው የምናደርገው።