ጠቅታው «የውሃ ሽታ ሆነ» ወይስ «ተዋጠ»?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ጎዶት በተባለው መሣሪያ የኮምፒውተር ጨዋታ መሥራትን የሚያስረዳ የአማርኛ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ሳለ ሦስት ቃላት አላሳልፍ አሉኝ። በማያ ገጹ ላይ ያለ እያንዳንዱ የገጽታ አካል (እንደ አዝራር፣ ጽሑፍና መጋረጃ ያለው) ማውስ ሲደርስበት ምን እንደሚያደርግ የሚወስን ቅንብር አለው፤ ምርጫዎቹም ስቶፕ፣ ፓስ እና ኢግኖር ናቸው። «አስቁም»፣ «አሳልፍ»፣ «ችላ በል» ብዬ ተረጎምኳቸው። ታናሽ እኅቴ በዚህ ተመርታ ሠራች። ጨዋታዋ ሲከፈት ጥቁር መጋረጃ ቀስ በቀስ ይሳሳና ይጠፋል፤ «ጀምር» የሚለው አዝራር ይታያል፤ ብትነካው ግን ምንም የለም። «ጠቅታው የውሃ ሽታ ሆነ» አለችኝ። መጋረጃውን «አሳልፍ» ላይ አድርጋዋለች፤ አሁንም ያው ነው። ስሕተቱ የእርሷ ነው ወይስ የእኔ አማርኛ?

ከዳንግላ፦
ለኢግኖር «ጆሮ ዳባ ልበስ» የሚል ቢጻፍስ? ተማሪው ስቆ ያስታውሰዋል።

ከቢቸና፦
የዳንግላው ወንድሜ፣ አሳቅኸኝ። ነገር ግን ጆሮ ዳባ ልበስ የሚል ሰው ሰምቷል፤ የሚወቀሰውም ሰምቶ እንዳልሰማ ስለሆነ ነው። «ችላ ማለት»ም አይቶ መተው ነው። ኢግኖር የተባለ አካል ግን ከነጭራሹ አልተጠየቀም፤ ማውሱ እንደሌለ ቆጥሮት ከሥሩ ያለውን ያገኛል። ጠቅታን ተቀብሎ ምንም ሳያደርግበት የሚያስቀረውስ ስቶፕ ነው! እኅትህ «ችላ በል»ን ያልመረጠችው ጠቅታው የሚጣል መስሏት ይሆናል፤ አልፈርድባትም።

«አሳልፍ» ደግሞ ይብሳል። አማርኛችን ሲሰማው መስታወት ብርሃንን እንደሚያሳልፍ ከኋላ ላለው የሚሰጥ ይመስላል። ፓስ እንዲህ አይደለም። አካሉ ራሱ ካልተጠቀመበት ጠቅታውን ለወላጁ፣ ማለትም በውስጡ ላቀፈው የበላይ አካል፣ ያደርሳል እንጂ ከሥሩ ተጋርዶ ለተኛው ወንድሙ አይሰጥም። መጋረጃውና አዝራሩ የአንድ ወላጅ ልጆች ከሆኑ አዝራሩ ምንም አይደርሰው። ስለዚህ ፓስን «ለወላጅ አቅርብ»፣ ኢግኖርን «እንደሌለ ቁጠር» እላለሁ። «አስቁም» ባለበት ይቆይ።

ስለ ውሃ ሽታ፦ ይህ የሚባለው ሄዶ ለቀረ፣ ዱካው ለጠፋ ነው። የተዋጠ ነገር ግን ዋጭ አለው፤ ዋጭ ያለው ደግሞ ይፈለጋል። ጨዋታው እየሄደ አዝራሩን ንኩና በጎዶት ስሕተት ማረሚያ ሥር «ሚስክ» የሚለውን ክፍል ተመልከቱ፤ መጨረሻ የተነካው አካል ስሙ እዚያ ተጽፏል። መጋረጃው ከሆነ፣ ቀለሙ እስከ ዜሮ ቢሳሳም ከቦታው አልተነሣም ማለት ነው። ወይ ይደበቅ፣ ወይ ኢግኖር ይሁን። (የዋሸራ የቅኔ ተማሪ ቢያየው ይገረም ነበር፤ በቅኔ ሰሙ ተሰምቶ ወርቁ ይሰወራል፤ እዚህ ዓይን ወርቁን ያያል፣ እጅ የማይታየውን ሰም ይነካል።)

ከሞጣ፦
ማውስንስ ለምን «አይጥ» አንለውም? እንግሊዝኛውም ያው አይጥ ነው።

ከቢቸና፦
ጎተራ አጠገብ ላደገ ሰው «አይጧ አዝራሩን ነካች» ብትለው ድመት ፍለጋ ይነሣል። ማውስ ይበቃናል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የቢቸናው ጋሼ። እንዳሉት ስሙ ተጽፎ ተገኘ፤ መጋረጃው ነበር። እኅቴ ኢግኖር አደረገችውና አዝራሩ ሠራ። ማስታወሻውን አርሜያለሁ። እርሷ ግን «ለወላጅ አቅርብ» የሚለው የትምህርት ቤት ደብዳቤ ይመስላል ብላ እየሳቀች ነው፤ አጠር ያለ ቃል ያለው ካለ እጠብቃለሁ።

ከዳንግላ፦
«ወደ ላይ በል»?